ያልነጨሁት ፊት

ብጉር ምን ያስለቅሳል የሚል ሰው ካለ የያኔውን ፊቴን ያላየ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ፤ እህል በረንዳ፣ ከአባቴ ሱቅ፣ በጤፍና በስንዴ ጆንያ መሀል ተቀምጬ ነው የምውለው። ከግንባሬ እስከ አንገቴ መርፌ የሚያሳርፍ ንጹሕ ቦታ አልነበረኝም። አፍ አውጥተው የሚፈነዱት ትንንሾቹ ይሻላሉ፤ ጉንጬ ላይ ያሉት ከሥር ጠጥረው ያበጡ ስለነበሩ ትራስ ሲነካቸው ከእንቅልፌ ያባንኑኛል። ደንበኛ ጤፉን ትቶ እኔን አይቶ መድኃኒት ያዝልኛል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ የጠዋት ምራቅ። አንዱ ደግሞ «ስታገቢ ይጠፋል» ብሎ ይገለፍጣል። «ጤፍ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ልትድረኝ?» ብዬ ኩም አደርገዋለሁ። ምላስ አላነሰኝም፣ ምላሴ ደህና ነበር። እሱ ዞር ሲል ግን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ እከናነባለሁ።

እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ቤታችን ውስጥ እኔና አባዬ ብቻ ነበርን። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ፣ ጆንያ ተሸክሞ ተሸክሞ ነው የራሱን ሱቅ የከፈተው። ስለ ፊቴ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት ሱቅ አልሄድም ብዬ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አቧራዬ ነው» አለ። «በጤፍ አሳድጌሽ በጤፍ አበላሸሁሽ።»

ኧረ አቧራ አይደለም ብለው፣ ሱቅ ገብቶ የማያውቅም ሰው ያወጣል ብለው፣ ወይ ፍንክች! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግን ያንን ሲናገር ድምፁ ተሰብሮ ነበር። አባዬ ጎረቤት ሞቶ እንኳ ድምፁ የማይሰበር ሰው ነው። ተነስቼ ለበስኩና ተከተልኩት።

የቆዳ ክሊኒኩ ከአንዋር መስጊድ ብዙ ሳይርቅ፣ ከታች እስከ ላይ ሱቅ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ከጎኑ የሕፃናት ልብስ በጅምላ ይሸጣል። የሄድንበት ቀን ዓርብ ስለነበረ መንገዱ በሰጋጅ ተሞልቷል። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ሶላቱ እስኪያልቅ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ነጠላዬን ጥርቅም አድርጌ መያዜን ሲያይ ሳቅ ብሎ «ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን ነጠላሽን አስጥዬ በዚሁ መንገድ ዱባይ ተራ ነው የምወስድሽ፣ ቀሚስ ልገዛልሽ» አለኝ። ምነው ባልተናገረው እላለሁ አሁን።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጉንጬን ዳበስ ዳበስ አደረገና በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም፣ ቆዳዋ በማሽን ፎቶ ይነሳ አለ። ማሽኑ ነጭ ነው፤ የሴቶች ጸጉር ቤት ካስክ አጋድመው ከጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት ይመስላል። ፊትሽን ታጥበሽ፣ ቅባት ሳትቀቢ፣ ጸጉርሽን በነጭ ጨርቅ ወደ ኋላ አስረሽ አገጭሽን ማሳረፊያው ላይ ታደርጊያለሽ። መጀመሪያ ነጭ መብራት ቦግ ይላል፤ ቀጥሎ ሐምራዊ። ነጩ ሰው የሚያየውን ያያል፤ ሐምራዊው ደግሞ ሰው የማያየውን። የመጀመሪያው ፎቶ መነሻ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ በኋላ የሚታወቀው ከሱ ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ነው።

ምን ያደርጋል፣ መብራቱ ቦግ ሲል ደንግጬ ጭንቅላቴን ሳብኩት። ደግመው ሞከሩ፣ ደግሜ ሳብኩት። ፎቶ የምታነሳዋ ወጣት ሴት በትዕግሥት «እህቴ፣ አትንቀሳቀሺ እንጂ» ትለኛለች። ይሄኔ አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። ሕፃን ሲከተብ እንደሚያዘው፣ ከኋላዬ ሆኖ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«አባባ፣ እጅዎ ይገባል! ያንሱት!» ስትል መብራቱ ቦግ፣ ቦግ አለ። እንደገና ልታነሳኝ ስትዘጋጅ መብራት ሄደ። መርካቶ ነው፣ ምን ይደረግ!

ብዙ ከጠበቅን በኋላ መብራቱ መጣና ሐኪሙ ፎቶውን ከፍቶ አየው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። «ጣቶቹ ብጉሩን አልሸፈኑትም፣ ይሁን ይበቃል» ብሎ ስክሪኑን ወደኛ አዞረው።

የሰው ፊት እንደዚያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሐምራዊው ፎቶ አፍንጫዬና ጉንጬ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል፤ ተህዋስያኑ የተደበቁባቸው ቀዳዳዎች ናቸው አለን። ማሽኑ ቅላቱን ብቻ ለይቶ በሚያወጣው በሌላው ፎቶ ላይ ደግሞ ቆዳዬ ከሥር ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ከላይ ምንም የሌለበት ቦታ እንኳ። ከሐምራዊው ፎቶ ጠርዝ፣ መንጋጋዬ ላይ፣ የአባዬ ጣቶች አሉ። በየስንጥቁ የገባው የጤፍ ዱቄት በሐምራዊው ብርሃን ነጭ ሆኖ ያበራል። አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። በልጅነቱ ነው የጠፋው፤ በምን እንደሆነ ስጠይቀው «ድንጋይ ወድቆበት» ከማለት ሌላ ነግሮኝ አያውቅም።

አባዬ ጣቱን አላየም፤ ነጠብጣቡን ነው ያየው። «ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ እንክርዳድ!» አለ።

ሐኪሙ ሳቀ። አባዬ ግን የምሩን ነው። እህል በረንዳ ጆንያ ከአፉ አይቶ የሚገዛ ነጋዴ የለም፤ አፉ ላይ ማኛ ጤፍ ያደርጉልህና ሆዱ ሰርገኛ ነው። ስለዚህ ጫፉ ሹል፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አለን። ጆንያውን መሀሉ ላይ ወግተህ ከሆዱ ታወጣለህ፣ መዳፍህ ላይ አፍስሰህ እፍ ትላለህ፣ ከዚያ ነው ዋጋ የምትናገረው። አባዬ ይሄን ሁሉ ለሐኪሙ አስረዳው። «ይሄም ያው መውጊያ ነው» አለ ማሽኑን እያሳየ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለማሽኑ ታማኝ ሆነ።

ሐኪሙ ክኒን ሲያዝልኝ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ክኒኑ ቆዳን ያሳሳል፤ ከፀሐይ ራቂ፣ ከምንም በላይ ደግሞ በጥፍርሽ አትንኪው፣ በዚህ ጊዜ የጫርሽው ሁሉ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፣ ያንን እኔም አላጠፋልሽም አለኝ። እኔ ደግሞ መስታወት ሳገኝ ጥፍሬ የማያርፍ ሰው ነኝ፤ አባዬ ያውቃል።

«በይ ማይ» አለኝ እዚያው ሐኪሙ ፊት።

«ምን ብዬ?»

«‹አባቴ ይሙት፣ አልነካውም› በይ።»

«ኧረ አባዬ፣ አሁን ይሄ...»

«በይ ብያለሁ!»

«አባቴ ይሙት፣ አልነካውም» አልኩ። ፎቶ የምታነሳዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ሰው በቀን ስንቴ እንዲህ ብሎ ይምላል፤ ሲነግድ ይምላል፣ ሲዋሽም ይምላል።

የክኒኑን ነገር አታንሱብኝ። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ፣ አፍንጫዬ ደማ፣ ብጉሩ ደግሞ መጀመሪያ ይብስ ገነፈለ። ተስፋ ቆርጬ ክኒኑን ልጥለው ስል ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። በመስታወት የከፋው ፊቴ በሐምራዊው መብራት ሲታይ ብርቱካኑ ሳስቷል። «ሆዱ እየጠራ ነው» አለ አባዬ፣ ሐኪሙን ቀድሞ። በሦስተኛው ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ከላይ ፊቴ ጠርቷል፤ ተው በቃኝ፣ ድኛለሁ፣ ከንፈሬን ልቤዠው አልኩ። ፎቶው ላይ ግን ከሥር ገና ቀይ ነው። አባዬ ተቆጣኝ። «የኔ ልጅ ሆነሽ አፉን አይተሽ ጆንያ ትገዢያለሽ?» አለኝ። አንድ ፎቶ ብቻ ነበር የቀረው። ቀዩ ከጠፋ ክኒኑ ይቆማል አለ ሐኪሙ። በመንገዳችን ላይ አባዬ የቀሚሱን ነገር እንደገና አነሳው፤ ቀለሙን ሳይቀር መርጦልኛል፣ ቢጫ። ቢጫ አልወድም።

ያንን ፎቶ ሳያይ ሞተ።

ጠዋት ነው፣ ሱቅ ውስጥ። የመጣለትን ጆንያ ወግቶ፣ ጤፉን መዳፉ ላይ አፍስሶ እፍ አለና በደረቱ ጆንያው ላይ ዘንበል አለ። ተሸካሚዎቹ ጤፉን የሚያሸት መስሏቸው ዝም አሉት። እኔም ሚዛኑ ጋ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ እኔም የሚያሸት ነው የመሰለኝ። «ጋሼ» ብሎ አንዱ ትከሻውን ሲነካው ነው ወደ ጎን የወደቀው። ልቡ ነው አሉ በኋላ። ጤፉ ከመዳፉ አልፈሰሰም ነበር፣ ጨብጦታል።

ድንኳኑ ከበራችን እስከ ቅያሱ አፍ ተጣለ። እድሩም ጎረቤቱም፣ የእህል በረንዳ ነጋዴ በሙሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። እኔ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። አለቅሳለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ግን ልቅሶው የሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ። በማግስቱ አክስቴ ከጎጃም ደረሰች፤ የአባዬ ታላቅ እህት ናት፣ ከሱ ሌላ ወንድም የላትም። ገና ከቅያሱ አፍ ላይ «ወንድሜ! ወንድም ጋሻዬ!» ስትል ሰፈሩ ተነቃነቀ። ስትገባ ፊቷ ደም በደም ነበር። ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ በጥፍሯ ነጭታዋለች።

አዲስ አበባ ላይ ፊት መንጨት ቀርቷል ይባላል። ካህናቱም ይቆጣሉ፣ በሞተ ሰው ተስፋ መቁረጥ ነው ይላሉ። የቀረው ግን የአክስቴ ዓይነት ሰው እስኪመጣ ነው። እናቴ የሞተች ጊዜም ፊቷን የነጨችልኝ እሷ ናት፤ ምልክቱ ዛሬም ጆሮዋ አጠገብ ቀጭን ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ለአክስቴ ሐዘን ማለት ያ ነው፤ ፊትሽ ላይ ካልታየ የለም።

አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ለቀቀችኝና ፊቴን አየችው። ፊቴ ጠርቶ ነበር፣ በሕይወቴ ከጠራው ሁሉ በላይ። ክኒኑ አድርቆት ያብረቀርቃል።

«ይሄ አባት የሞተበት ፊት ነው?» አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«አባትሽ እኮ ነው የሞተው! ለማን ታስቀምጪዋለሽ? ንጪው እንጂ! ምነው፣ እንጨት ነሽ?»

ምን ልበላት? ሐኪም ከልክሎኛል ልበል? አባት ሞቶ የብጉር ወሬ! አባቴ ይሙት ብዬ ምያለሁ ልበል? ያውና ሞቷል። ልነጨው ፈልጌ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። ጣቶቼ ራሳቸው ተነስተው ጉንጬ ጋ ደርሰው ነበር። የዚያን ቀን ፊቴን ቦጫጭቄ ብጥለው ደስ ባለኝ። መሐላው ብነካው አባቴ ይሙት ነበር የሚለው። ሳልነካው ሞተ። አንድም ቀን አንዲት ብጉር ሳልነካ፣ ቃሌን ጠብቄ ሞተብኝ። ታዲያ ከዚህ ወዲያ መሐላውን የምጠብቀው ለማን ነው? ግን ደግሞ ከአባዬ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ሱቁ የንግድ ነው፣ ቤቱ የቀበሌ ነው። ‹አትንኪው› ያለኝ ብቻ ነው የኔ። እጄን አወረድኩና ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

አክስቴ ፊቷን አዞረች። ከጀርባዬ አንዷ «ዓይኗን በጨው ያጠበች» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ባል ልታገባበት ነዋ» አለች። ምላሴ የት እንደገባ አላውቅም።

አክስቴ እስከ ተዝካሩ ድረስ እኛው ጋ ቆየች። ከእጄ ውኃ እንኳ አልተቀበለችም። እቀዳላታለሁ፣ ብርጭቆውን ታየዋለች፣ ተነስታ ራሷ ሌላ ትቀዳለች። ቁስሏ እያዠ ዝንብ ያርፍበታል፤ ማጽጃ ባመጣላት ገፋችው። ከእኔ ጋር የሚያስቀምጣት የወንድሟ ቤት መሆኑ ብቻ ነበር፤ እሱም ተዝካሩ ሲያልፍ ያበቃል። ከዚያ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ ዘመድ አይኖረኝም ብዬ አስብ ነበር።

የመጨረሻው ቀጠሮ ከተዝካሩ በፊት ነበር። መሄድ አልፈለግኩም። ግን ክኒኑ ይቁም አይቁም ማወቅ ነበረብኝ፣ ሄድኩ። በዚያው መንገድ፣ በመስጊዱ በኩል፣ ለብቻዬ። ነጠላዬን አልተከናነብኩም፤ የሚሸፈን ነገር የለማ። ጥቁር ሻሽ አስሬያለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ። ፎቶ የምታነሳዋ አላስተዋለችም። «ዛሬ አባባን የት ጣልሻቸው?» አለችኝ እየሳቀች።

«ሞቷል» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደህና ሰው ናት፣ አጽናናችኝ። ከዚያ ግን ሥራዋ ሥራዋ ነውና «ይቅርታ እህቴ፣ ጥቁሩ ፎቶው ውስጥ መግባት የለበትም» ብላ ሻሼን በቀስታ ፈታችና ነጩን ጨርቅ አሰረችልኝ። ትከሻዬንም ነጭ አለበሰችው። ከአንገቴ በላይ ሐዘንተኛ የሚያስመስለኝ ነገር አልቀረም። መብራቱ ቦግ ሲል አልተንቀሳቀስኩም፤ የሚይዘኝም አልነበረም።

ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አደረጋቸው። በግራ የመጀመሪያው፣ በቀኝ የዛሬው። ደስ ብሎታል። «ብርቱካኑ የለም፣ ቀዩም ጠፍቷል። ጎበዝ! ጭረት እንኳ የለውም» አለ። «ልዩነቱ ይታይሻል?»

ይታየኛል። በግራ በኩል ያበጠ፣ የተበላሸ፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ የሆነ ፊት አለ፤ መንጋጋው ላይ የአባዬ ጣቶች ጥብቅ አድርገው ይዘውታል። በቀኝ ንጹሕ ፊት አለ። ማንም አልያዘውም።

እዚያ ነው ያለቀስኩት። በድንኳኑ ያላለቀስኩትን፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ወንበሩን ይዤ። ፊት ለፊቴ የቆመውን ሐኪም አላፈርኩትም። ያንን ብጉር ሁሉ መልሱልኝ፣ ከነእጁ መልሱልኝ ብዬ ጮኼ ይሆናል፤ በትክክል ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሲወጣልኝ፣ ፎቶ አትሙልኝ ብዬ ለመንኩ። ሐኪሙ የዛሬውን ሊያዝ ሲል «አይ፣ የመጀመሪያውን» አልኩት። ግራ ገባው። ሰው ሁሉ የኋለኛውን ነው የሚጠይቀኝ አለ። አተመልኝ።

ቤት ስደርስ አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሳላናግራት ላልፍ ነበር። እጄ ላይ ያለውን አየችና በአገጯ እያሳየች «ምንድን ነው?» አለች። ካናገረችኝ ስንት ጊዜዋ! ሰጠኋት። ፎቶው የሐምራዊው ነው፤ ለማያውቀው ሰው ያስፈራል።

«ይሄ የማን ጉድ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። የያኔው ፊቴ።»

ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ከዚያ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ምስሩ ከጭኗ ፈሰሰ። ፊቴን አይደለም የምታየው።

«ይሄን ጥፍር እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ሙቀጫ ስወቅጥ። እጁን ሲከት አላየሁትም፣ ዘነዘናው አረፈበት። እናታችን ትገድለኝ ነበር። ‹ድንጋይ ወድቆብኝ ነው› አላት። እስኪሞት ድረስ ለማንም አልተናገረብኝም።»

ፎቶውን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ። ሳታለቅስ ያንን ጣት ደጋግማ ሳመችው። ከዚያ እንዴት እዚያ ሊገኝ እንደቻለ ጠየቀችኝ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ አቧራዬ ነው ማለቱን፣ ማሽኑን፣ እንክርዳዱን፣ ቢጫውን ቀሚስ። መጨረሻ ላይ መሐላውን ነገርኳት። አባቴ ይሙት አስብሎኝ ነበር አልኳት። ስለዚህ ነው ያልነጨሁት።

መሬት የፈሰሰውን ምስር በጣቷ ትለቅማለች፣ መልሳ ትጥለዋለች።

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?» አለች በመጨረሻ። «ያንቺንም ድርሻ እኔ እነጭልሽ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት። ጆሮዋ አጠገብ የእናቴ መስመሮች አሉ። ጉንጮቿን ሁሉ የአባቴ ይዟቸዋል፤ ቅርፊቱ ገና ጥቁር ነው። የኔ ድርሻ የሚያርፍበት ቦታ በዚያ ፊት ላይ አልቀረም። ገባሁና ሐኪሙ የሰጠኝን ቅባት አመጣሁ። እምቢ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ፊቷን አቀናችልኝ። ፎቶው ጭኗ ላይ እንዳለ፣ በጣቴ ጫፍ ቀስ አድርጌ ቀባኋት።

«ያቃጥላል እትዬ?» አልኳት።

«ያቃጥል» አለችኝ።